ከስድስት ብሎን በታች

ጥቅምት 2017 ነበር። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳባቸውን አስገብተው መጨረስ ያለባቸው እስከ ጥቅምት 30 ነው። እኔ አዳማ ውስጥ ከመደበኛ ሥራዬ ውጪ የአራት ድርጅቶችን ሂሳብ እይዛለሁ። ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ተከፍቷል፣ ኤክሴሉ ተከፍቷል፣ ደረሰኞቹ በላስቲክ ታስረው ከጎኔ ተደርድረዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ላፕቶፑ ድርግም አለ።

መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና አልኩ። አምፖሉ በርቷል።

መልሼ አበራሁት። ሃያ ደቂቃ ሠራና ደግሞ ጠፋ። ሥሩን በእጄ ስዳስሰው ከምድጃ እንደወረደ ጀበና ያቃጥላል። ማራገቢያው ከወራት ጀምሮ ይጮህ ነበር። ድምፁን ስለለመድኩት ትኩረት አልሰጠሁትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ሥራ ሳልገባ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ ያህል አየውና «ፎርማት ያስፈልገዋል» አለኝ። ፋይሎቼን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ከፍዬ ተቀበልኩ። ዊንዶውሱ አዲስ ሆኗል፣ ፒችትሪ እንደገና መጫን አለበት፣ ማታ ላይ ግን ያው እንደ ትናንቱ ድርግም። ሁለተኛው ጥገና ቤት ደግሞ የባሰ ነገር ነገሩኝ። «ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ ሌላ ብትገዢ ይሻላል።» ማዘርቦርድ ማለት ሁሉም ነገር የተያያዘበት ዋናው ሰሌዳ ነው። ሌላ ላፕቶፕ ማለት ስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እንባዬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠግነዋል። ዛሬም በረንዳቸው ላይ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ አይጠፋም። ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ ሳልፍ ፊቴን አይተው ጠሩኝ። ነገርኳቸው።

«ከፍተሽ አይተሽዋል?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ እከፍተዋለሁ!»

«እነሱስ ከፍተው አይተውታል?»

አሰብኩ። የመጀመሪያው አልከፈተውም። ሁለተኛዎቹም አልከፈቱትም። ካቻቢቴ ያነሳ ሰው አላየሁም።

«እንግዲያው ማንም አላየውም ማለት ነው» አሉ ጋሼ። «እኔ እንዲህ ያለ እቃ ከፍቼ አላውቅም፣ ልጄ። ግን የሚግል እቃ ሁሉ ወይ ኤሌክትሪክ በዝቶበታል፣ ወይ ትንፋሽ አጥሮታል። መክፈት ነው።»

ላፕቶፔ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሞዴል ነው፤ እኔ ያገለገለውን ነው ከአዲስ አበባ የገዛሁት። ቲንክፓድን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረው፣ ከ2005 ወዲህ ደግሞ የሌኖቮ ሆኗል። የዚህ ዘር አንድ ትልቅ ነገር አለው። ለጠጋኞች የተዘጋጀው የጥገና መመሪያ ማንም ሰው በነጻ የሚያወርደው ፒዲኤፍ ነው። የትኛው ብሎን የት እንዳለ፣ የቱ ከየቱ በፊት እንደሚፈታ በሥዕል ያሳያል። ያን ሌሊት በስልኬ አወረድኩትና ስለ ክዳኑ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ማራገቢያው የሚያወራውን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ልቤ ድው ድው እያለ ነበር። የሰው ሂሳብ ነው የያዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር ስለ ሬዲዮም ስለ ላፕቶፕም እኩል የሚሠራ ነው፤ «ኃይሉ ይቆረጥ።» ቲ480 ላይ ይሄ ከሚታሰበው በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባትሪው ሁለት ነው። አንዱ ከኋላ በኩል ሁለት መቆለፊያ ገፋ አድርጎ የሚነቀል ነው። ሌላው ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከውጭ አይታይም። ቻርጀሩን ነቅሎ የኋላውን ባትሪ አውጥቶ «ኃይል የለውም» ያለ ሰው ተሳስቷል። መመሪያው እንደሚለው ሲነሳ ኤፍ1ን ተጭኖ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ መግባት፣ ከዚያ ኮንፊግ፣ ከዚያ ፓወር፣ ከዚያ የውስጡን ባትሪ አጥፋ የሚለውን መምረጥ ነው። ቻርጀር እስኪሰካ ድረስ የውስጡ ባትሪ ኃይል አይሰጥም። ለጋሼ ይሄን ሳሳያቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ጎሽ፣ ያሰበ ሰው ነው የሠራው» አሉ።

ከዚያ ገለበጥነው። ክዳኑን የያዙት ስድስት ብሎኖች ናቸው። ሲላሉ እንኳ ከክዳኑ ተነቅለው አይወድቁም፣ ስለዚህ የሚጠፋ ብሎን የለም። የከበደው ቀጥሎ ያለው ነው። ዙሪያውን በጥቃቅን ጥርስ የተያያዘ ስለሆነ ያረጀ ኤቲኤም ካርድ በስንጥቁ አስገብቶ እያዞሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ቀጭ ቀጭ ሲል የተሰበረ ይመስላል። አልተሰበረም። ጥርሶቹ ናቸው የሚለቁት። በካቻቢቴ ጫፍ መፈልቀቅ ግን ፕላስቲኩን ይቦጭቀዋል፣ አታድርጉት።

ክዳኑ ተነሳ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ የቦታው ትንሽነት ነው። ግማሹ ባትሪና ሃርድ ዲስክ ነው። የሚያስበው አካል፣ ያ ስሙ ሁሉ ቦታ የሚጠራው ፕሮሰሰር፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ነው። የኔው ኮር አይ5-8250ዩ ይባላል። አራት ኮር፣ ማለትም አራት የማስሊያ ክፍል አለው። የተሠራውም 15 ዋት ገደማ እንዲፈጅ ተደርጎ ነው። 15 ዋት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከጥፍር ከምታክል ቦታ ነው። እዚያው ከተቀመጠ ያቃጥላል። ስለዚህ መሸሽ አለበት።

የሚሸሽበት መንገድ ደግሞ ውብ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ተነስቶ ወደ ግራ ጎን የሚሄድ ጠፍጣፋ የመዳብ ቧንቧ አለ። ድፍን ብረት ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። ትንሽ ፈሳሽ ታሽጎበታል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ፈሳሹ ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል። እዚያ ሙቀቱን ጥሎ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ድስት ስትከፍቱ ክዳኑ ላይ ላብ ሆኖ የሚንጠባጠበውን አስቡ፣ ያው ነው። ከቧንቧው ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አሉ። ማራገቢያው ከሥር አየር ይስብና በእነዚህ ቅጠሎች መሃል አሳልፎ በግራ ጎን ያወጣዋል። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ትንሽ የአየር መንገድ ላይ ነው።

የኔ መንገድ ተዘግቷል። በማራገቢያውና በብረት ቅጠሎቹ መሃል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ፍራሽ ጥጥ ሆኗል። ጋሼ በጉጠት ያዝ አድርገው ሲስቡት አንድ ላይ ተነቅሎ ወጣ። ግራጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ፀጉር አለበት። እኔ ገና ሳልገዛው የገባም አለ፣ አዳማ ከመጣ ወዲህ የጨመረም አለ። የከተማችንን ንፋስና አቧራ የሚያውቅ አይደነቅም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ይላል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሳሳ ይላል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ የኛ አገር ላፕቶፕ በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ የአየር መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚጠፋ ያን ጊዜ ገባኝ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ይጠብቃል። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያ ሁሉ ወር «ይጎተታል፣ ስታክ ያደርጋል» ስል የነበረው ይሄ ነው። መቀነሱም ካልበቃው እንዳይቃጠል ብሎ ይጠፋል። ድርግም ያለው ተበላሽቶ ሳይሆን እንዳይበላሽ ነው። ፎርማት ደግሞ አቧራ አያወጣም።

አቧራው ከወጣ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው። የማራገቢያውን ክንፍ በጣቴ ይዤ ነው የጠረግሁት፤ በንፋስ ኃይል በፍጥነት ከተሽከረከረ ሊጎዳ ይችላል። ቀጥሎ የመዳቡን ቧንቧ ፈታን። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጫኑት ብሎኖች ቁጥር አላቸው። በቁጥሩ ተራ፣ አንዱን አንድ ጊዜ ጨርሶ ሳይሆን ሁሉንም ጥቂት ጥቂት እያላሉ መሄድ ነው። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መሃል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሥራው በሁለቱ መሃል ያለችውን ቀጭን የአየር ክፍተት መሙላት ነው። ሲደርቅ ይሄን አይሠራም። በንጹህ አልኮል ጠርገን አዲስ ቀባን። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሃሉ ላይ፣ በቃ። ብዙ መቀባት አያቀዘቅዝም፣ ዳር ዳሩን ያበላሻል እንጂ። አልኮል ስል ለእጅ የምንቀባውን ሳኒታይዘር ማለቴ አይደለም። እሱ ውስጥ ለቆዳ የሚጨመር ግሊሰሪን አለ፣ ሲደርቅ ቅሪት ይተዋል።

ገጠምን። ቻርጀር ሰካሁ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። የሌኖቮ ስም ስክሪኑ ላይ ሲወጣ «ተመስገን!» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ከመክፈቴ በፊት ሙቀቱን ኤችደብሊውኢንፎ በሚባል ነጻ ፕሮግራም አይቼ ጽፌው ነበር። ፒችትሪና ኤክሴል ብቻ ተከፍተው 96 እና 97 ዲግሪ። አሁን ያው ሥራ ላይ 62። ማራገቢያው ዝም አለ። እኔ እቤት ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ድምፅ እንዳለ የሰማሁት ያን ማታ ነው። የአራቱም ድርጅት ሂሳብ ጥቅምት 29 ገባ።

ከዚያ በኋላ መተው አልቻልኩም። እጄ አንዴ ስለገባ የቀረውንም ማወቅ ፈለግሁ።

ክዳኑ ሲከፈት ሁለት የራም ቦታ እንዳለው አይቻለሁ። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ነው። አንዱ ባዶ ነው። ያለችው ባለ 4 ጊጋባይት ናት። ይሄን ለማወቅ መክፈት እንኳ አያስፈልግም፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ብትሉ ከስንት ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ባለ 8 ጨመርኩበት። ስትገዙ ዓይነቱን ለዩ። ይሄ ዲዲአር4 ነው የሚወስደው፣ 260 እግር አለው። ዲዲአር3 የሚሰካው ጠርዙ በሌላ ቦታ ስለተቆረጠ አይገባም፣ በግድ አትሞክሩ። ራሙን ሰያፍ አድርጎ ሰክቶ ወደ ታች ሲጫኑት በሁለቱም ጎን ቀጭ ይላል። አለቀ።

ሃርድ ዲስኩ ደግሞ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንባቢው ጫፍ ከሚዞረው ሳህን ላይ በዓይን በማይታይ ክፍተት ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው። ባለዚህ ዲስክ ላፕቶፕ ካላችሁ እባካችሁ በርቶ እያለ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ይዛችሁ አትዙሩ። እኔ ዓመት ሙሉ ሳደርገው ነበር። በኤስኤስዲ ቀየርኩት። የሚዞር ነገር የለውም፣ ውስጡ ቺፕ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ተነስቶ ሥራ እስክጀምር ሁለት ደቂቃ ተኩል የነበረው ወደ 18 ሰከንድ ወረደ። ገንዘብ ኖሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብትሉኝ ይሄን ነው የምላችሁ። አሮጌውን ዲስክ አልጣልኩትም፤ የዩኤስቢ ሳጥን ገዝቼለት የደንበኞቼን ሂሳብ በየሳምንቱ ዓርብ እገለብጥበታለሁ።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ዊንዶውስ የባትሪውን ታሪክ ያውቃል። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ ክፍተት ሰጥታችሁ ስላሽና «ባተሪሪፖርት» ብትጽፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል powercfg /batteryreport ነው እንግዲህ) አንድ ገጽ ያወጣላችኋል። ሁለት ቁጥር ፈልጉ። ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው አቅም። የኔ የውስጡ ባትሪ ሲሠራ 24 ዋት-ሰዓት ነበር፣ አሁን 15 ነው የሚይዘው። የኋላው ጭራሽ 6 ደርሶ ነበር። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ይሄን ሪፖርት አውጡ። «ባትሪው አሪፍ ነው» የሚለውን ቁጥሩ ይናገር።

የኋላውን ወፍራሙን፣ ባለ 72 ዋት-ሰዓቱን አገኘሁ። ከባድ ነው። ግን መብራት በሄደ ቀን ሙሉ ከሰዓት ይዞኝ ይውላል። ወፍራም ስለሆነም ላፕቶፑን ከኋላ ቀና ያደርገዋል፣ አየሩ ከሥር በደንብ ይገባል። የሊቲየም ባትሪ ሁለት ነገር ያስረጀዋል፤ ሙቀትና መቶ ሞልቶ ሁልጊዜ ተሰክቶ መዋል። ስለዚህ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም 80 ላይ እንዲቆም አድርጌዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ብቻ ነው የምሞላው።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን እነቅላለሁ። ሲመለስም ወዲያው አልሰካም፣ አምፖሉ ተረጋግቶ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ነው የምሰካው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ተጽፏል። የኛ 220 ነው። ግን መብራት ሲመለስ የሚመጣው ሁልጊዜ 220 አይደለም። ይሄን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ስንት ቴሌቪዥን እጃቸው ገብቷል።

ጋቢና ፍራሽ ላይ ማስቀመጥም ትቻለሁ። አየር የሚስበው ከሥር መሆኑን በዓይኔ ካየሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ጨርቅ ላይ አስቀምጠዋለሁ? አልጋ ላይ ከሠራሁ የእንጨት ትሪ ከሥሩ አደርጋለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረምና መጋቢት፣ ከፍቼ እጠርጋለሁ። አንድ ሰዓት አይፈጅም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርታኛለች። ማዘርቦርዱ ጋ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ የተያያዘች ክብ ባትሪ አለች። ሲአር2032 ትባላለች፤ ስሟ ራሱ ልኳ ነው፣ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ትልልቆቹ ባትሪዎች ሲቋረጡ ሰዓትና ቀን የምትጠብቀው እሷ ናት። የኔዋ አልቃለች። ከፍቼ በገጠምኩት ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። የባሰው ግን ሳላስተውል በተሳሳተው ቀን ፒችትሪ ላይ ብመዘግብ ነው።

ጋሼ ከሱቅ ተራዋን ሲአር2032 ገዝተው ሽቦውን ከአሮጌዋ ነቅለው በስታኞ ሊበይዱልኝ ተነሱ። ብየዳውን እንደሚችሉበት አውቃለሁ። ግን ሊቲየም ነው፣ በቀጥታ ከጋለ ሊፈነዳ እንደሚችል አንብቤያለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ይቅርብን» አልኳቸው። «ሽቦው ከፋብሪካ የተያያዘላት አለች፣ አስመጣለሁ።»

ማሞቂያውን አስቀመጡት። «አንቺ ካነበብሽ እሺ» አሉ። ሶኬቱንም ራሳቸው ነቀሉት።

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አግኝታልኛለች። ቅዳሜ ይዛልኝ ትመጣለች።